ኦማሃ ፖከር፦ ካርታህን ከማየትህ በፊት የውርርድ ገደቡን እይ

አራት ካርታ ታደለህ እንበል። ሁለት ኤስ፣ አንድ 7 እና አንድ 2፤ ምልክታቸውም አራቱም የተለያየ። ጥሩ እጅ ነው? ካርታውን ብቻ አይተህ መመለስ አትችልም። በአንዱ ጠረጴዛ ይሄ እጅ መካከለኛ ነው፣ በሌላው ወጥመድ ይሆንብሃል፣ በሦስተኛው ደግሞ ያለህን ሁሉ ዓይንህን ሳታሽ የምታስገባበት ነው። ልዩነቱ የውርርድ ገደቡ ነው። ከቴክሳስ ሆልደም (በእጅ ሁለት ካርታ ብቻ ከሚያዝበት ፖከር) ወደ ኦማሃ የሚሻገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የካርታውን ሕግ ብቻ ተምሮ ይቀመጣል፤ ገንዘቡን የሚበላበት ግን ገደቡ ነው።

የካርታውን ሕግ ባጭሩ ልበልና ልለፈው። አራት ካርታ በእጅህ፣ አምስት መሃል ላይ። ከእጅህ የግድ ሁለት፣ ከመሃል የግድ ሦስት ወስደህ አምስት ታደርጋለህ። መሃል ላይ አራት ልብ ወጥቶ በእጅህ አንድ የልብ ኤስ ብቻ ቢኖርህ ፍለሽ (አምስት ካርታ በአንድ ምልክት) የለህም፣ አበቃ። መጀመሪያ መሃል ላይ አብረው የሚገለጡት ሦስቱ ፍሎፕ ይባላሉ፣ አራተኛው ተርን፣ አምስተኛው ሪቨር። አሁን ወደ ገንዘቡ።

1ኛ፦ የተቀመጥክበትን ጠረጴዛ ለይ

ኦማሃን በሦስት ዓይነት ገደብ ይጫወቱታል።

ፊክስድ ሊሚት ላይ የምታስገባው መጠን አስቀድሞ የተቆረጠ ነው። 4/8 የሚል ጠረጴዛ ላይ ከፍሎፕ በፊትና ፍሎፕ ላይ ውርርዱም ጭማሪውም 4 ዶላር ነው፣ ተርንና ሪቨር ላይ 8። ከዚያ በላይም በታችም የለም። በአንድ ዙር የሚፈቀደው ብዙውን ጊዜ አንድ ውርርድና ሦስት ጭማሪ ነው፤ አንዳንድ ቁማር ቤት አራት ይፈቅዳል።

ፖት ሊሚት ላይ ጣሪያው መሃል ያለው ገንዘብ፣ ማለትም ፖቱ ነው። ዛሬ ሰው "ኦማሃ እንጫወት" ሲል ብዙውን ጊዜ ይሄንን ማለቱ ነው።

ኖ ሊሚት ላይ ጣሪያ የለም፣ ከፊትህ ያለውን ሁሉ በፈለግክበት ሰዓት ትገፋለህ። በኦማሃ ብዙም አያጋጥምህም። ለምን እንደሆነ በኋላ እመጣበታለሁ።

እዚህ ጋ ጀማሪ የሚሸወድበት ነገር አለ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ቁጥር ትርጉሙ አንድ አይደለም። የፊክስድ ሊሚት 4/8 የውርርዱን መጠን ይነግርሃል፣ ብላይንዶቹ፣ ማለትም ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ተጫዋቾች የግድ የሚያስቀምጡት ትንሹና ትልቁ መነሻ ገንዘብ፣ በአብዛኛው 2 እና 4 ናቸው። የፖት ሊሚት 1/2 ግን የሚነግርህ ብላይንዶቹን ብቻ ነው፤ ውርርዱ የት ድረስ እንደሚሄድ አይነግርህም። ስለዚህ 1/2 ከ4/8 ያንሳል ብለህ እንዳትቀመጥ። አስላው፦ በ4/8 ጠረጴዛ ሦስት ጭማሪ ብቻ ከተፈቀደ በአንድ እጅ ልታጣ የምትችለው ቢበዛ 16፣ 16፣ 32 እና 32፣ በድምሩ 96 ዶላር ነው። በ1/2 ፖት ሊሚት ግን 200 ዶላር ይዘህ ከተቀመጥክ ሁሉም በአንድ እጅ ሊሄድ ይችላል፣ ያውም ያለ ምንም እብደት።

2ኛ፦ የፖቱን ጣሪያ በቃልህ ማስላት ልመድ

ማንም ሳይወራረድ ተራው አንተ ጋ ከደረሰ ቀላል ነው፤ መሃል 30 ካለ እስከ 30 ታስገባለህ። ግራ የሚያጋባው ከፊትህ ሰው ከተወራረደ ነው። ሕጉ መጀመሪያ የሰውየውን ውርርድ እንደከፈልክ ይቆጥርልሃል፣ ከዚያ በኋላ መሃል የሚኖረውን ያህል እንድትጨምር ይፈቅድልሃል።

ፖቱ 100 ነው፣ ሰውየው 50 አስገባ። አንተ 50 ብትከፍል መሃል 200 ይሆናል፤ ስለዚህ 200 መጨመር ትችላለህ፣ በጠቅላላው 250 ታስገባለህ ማለት ነው። እዚያው ቁጭ ብሎ ለማስላት አቋራጩ ይሄ ነው፦ የመጨረሻውን ውርርድ በ3 አባዛ፣ ከሱ በፊት መሃል የነበረውን ደምርበት። 50 በ3 ሲባዛ 150፣ ሲደመር 100፣ 250።

ከፍሎፕ በፊትም ያው ነው። በ1/2 ብላይንድ የመጀመሪያው ሰው ጣሪያ 2 በ3 ሲደመር 1፣ ማለትም 7 ነው። ቀጥሎ ያለው ሰው ጣሪያ ድረስ ልጨምር ካለ 7 በ3 ሲደመር 3፣ 24። አሁን ተራው ወደ መጀመሪያው ሰው ቢመለስና እሱም ጣሪያውን ቢፈልግ 24 በ3 ሲደመር 3፣ 75 ይሆናል። ቀድሞ ያስገባት 7 ዶላር ለብቻዋ አትደመርም፣ 75ቱን የሚሞላው እሷን ጨምሮ ነውና። ገና ምንም ያላስገባ ሦስተኛ ሰው ቢሆን ግን 7ቷም ትቆጠርለትና ጣሪያው 82 ይደርሳል። ይህችን ልዩነት የማያውቅ ሰው ጠረጴዛው ላይ ሲከራከር ብዙ ጊዜ ታየዋለህ።

ስሌቱ ቢያቅትህ አትፈር። በፖት ሊሚት ጣሪያው ስንት እንደሆነ ካርታ አዳዩን መጠየቅ መብትህ ነው፣ በኖ ሊሚት ግን ፖቱን አይቆጥርልህም። "ፖት" ብለህ ጮክ ብለህ ከተናገርክም በቃልህ ታስረሃል፣ መጠኑን ሰምተህ መመለስ የለም። ደግሞ ቤቱን ጠይቅ፦ አንዳንዱ ስሌቱን ለማቅለል ትንሹን ብላይንድ እንደ ትልቁ ይቆጥርና የመጀመሪያውን ጣሪያ ከ7 ወደ 8 ያደርሰዋል።

3ኛ፦ ገንዘብህ በስንት ውርርድ እንደሚያልቅ ቁጠር

ለኔ ፖት ሊሚትን የተረዳ ሰው ካልተረዳው የሚለየው እዚህ ጋ ነው። አንዱ ፖቱን ያህል ሲያስገባና ሌላው ሲከፍለው ፖቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። በየዙሩ።

በ1/2 ጠረጴዛ አንተ ወደ 7 ከፍ አድርገህ ትልቁ ብላይንድ ብቻ ከፈለህ እንበል። መሃል 15 አለ። ፍሎፕ ላይ 15 ተወራርደህ ሲከፍልህ 45፣ ተርን ላይ 45 ስትደግም 135፣ ሪቨር ላይ 135 ስትል 405። ከኪስህ የወጣው 15፣ 45 እና 135፣ በድምሩ 195 ነው። መጀመሪያ ላይ 200 ይዘህ ከነበረ ከ7ቱ በኋላ የቀረህ 193 ነበር። ልክ አለቀ። ገደብ አለው የተባለው ጨዋታ በሦስት ውርርድ ባዶህን ያስቀርሃል።

ከፍሎፕ በፊት ሁለተኛ ጭማሪ ከነበረና ሁለታችሁም 24 ካስገባችሁ ግን መሃል 50 ገደማ አለ፣ ከፊትህ የቀረው 176። አሁን ሁለት ውርርድ ይበቃል፣ ሁለተኛው እንዲያውም ሙሉ ፖት አይሞላም። ስለዚህ ፍሎፕ ላይ አንድ ውርርድ ስትከፍል 50 ዶላር ብቻ እየከፈልክ አይደለም፣ የቀረውንም አብረህ እያሰብክ መሆን አለበት። ተርን ላይ የምትጥለው እጅ ከሆነ ፍሎፕ ላይ መጣሉ ይረክሳል።

ፊክስድ ሊሚት ላይ ይሄ ሁሉ የለም። ፖቱ እያደገ ሲሄድ ውርርዱ ባለበት ይቆያል፣ ስለዚህ ከባዱ ውሳኔ መጀመሪያ ላይ ነው፦ ልግባ አልግባ። ፖቱ 64 ደርሶ ሪቨር ላይ ሰውየው 8 ሲያስገባ 8 ከፍለህ 72 ልትወስድ ነው፤ ከ10 አንዴ እንኳን የምታሸንፍ ከሆነ አትከስርም። "ለ8 ዶላር ብዬ" እያለ የማይረባ እጅ ይዞ የሚከፍለው ሰው ሁልጊዜ ተሳስቷል ማለት አይደለም። ፖት ሊሚት ላይ ከባዱ ውሳኔ ፍሎፕ ላይ ይወድቃል፣ ኖ ሊሚት ላይ ከፍሎፕም በፊት። ገደቡን አይተህ ጭንቅላትህን የት ማሠራት እንዳለብህ ታውቃለህ።

4ኛ፦ የምትጠብቀው ካርታ ስንት እንደሚያወጣ ዋጋ አውጣ

ኦማሃ አራት ካርታ ስለሆነ ሁሉም ሰው ሁልጊዜ የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው። ጥያቄው ለመጠበቅ ስንት ያስከፍልሃል የሚለው ነው።

ተርን ላይ ፍለሽ ለመሙላት አንድ ካርታ ቀረህ። ያላየሃቸው ካርታዎች 44 ናቸው፣ የሚሞሉልህ 9፤ ዕድልህ 20 በመቶ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ፊክስድ ሊሚት ላይ ፖቱ 40 ሆኖ ሰውየው 8 ቢያስገባ፣ 8 ከፍለህ ጠቅላላው 56 ይሆናል፤ ለመክፈል የሚያስፈልግህ 14 በመቶ ብቻ ነው። ትከፍላለህ፣ ማሰብም አያስፈልግም። ፖት ሊሚት ላይ እዚያው 40 ፖት ላይ ሰውየው 40 ቢያስገባ ጠቅላላው 120 ይሆንና 33 በመቶ ያስፈልግሃል። የለህም። ክፍተቱን ለመሙላት ፍለሹ በሞላልህ ቁጥር ሪቨር ላይ በአማካይ ወደ 76 ዶላር ተጨማሪ ማግኘት አለብህ፤ ሦስተኛው ተመሳሳይ ምልክት መሃል ላይ ሲወጣ ግን ለማንም የሚደበቅ አይደለም፣ ሰው እጁን ይሰበስባል። ካልሰበሰበ ደግሞ ያንተ ፍለሽ የኤስ ካልሆነ ተጠንቀቅ፣ ከፋዩ አንተ ነህ።

አሁን ትልቁን ምሳሌ እንይ። እጅህ ጃክ፣ 10፣ 7፣ 6 ነው፤ ፍሎፑ 9፣ 8፣ 2፣ ምልክታቸው የተለያየ። ስትሬት (አምስት ተከታታይ ቁጥሮች) የሚሞሉልህን ቁጠር፦ አራት ኩዊን፣ ሦስት ጃክ፣ ሦስት 10፣ ሦስት 7፣ ሦስት 6፣ አራት 5። ሃያ ካርታ! ካላየሃቸው 45 ውስጥ 20ው ያንተ ናቸው፣ ሪቨር እስኪደርስ አንዱ የመምጣት ዕድሉ 70 በመቶ ገደማ ነው። ሆልደም ላይ እንዲህ ያለ ነገር አታይም።

ግን ሃያውም እኩል አይደሉም። ጃክ ቢወጣ ያንተ ስትሬት ከ7 እስከ ጃክ ነው፣ ኩዊንና 10 የያዘ ይበልጥሃል። 10 ቢወጣም ኩዊንና ጃክ የያዘ ይበልጥሃል። ከዚህ በላይ የማይገኝ እጅ፣ ተጫዋቾች ነትስ የሚሉት፣ የሚሰጡህ 14ቱ ብቻ ናቸው። ፊክስድ ሊሚት ላይ ከቀሩት ስድስት በአንዱ ሞልቶልህ ብትሸነፍ አንድ ሁለት ውርርድ ነው የሚያስወጣህ፤ ስለዚህ ሃያ ብለህ ብትቆጥር ብዙም አትጎዳም። ፖት ሊሚት ላይ ግን ሁለተኛ የሆነ ስትሬት ሙሉ ፖት ያስከፍልሃል። እዚያ 14 ብለህ ቁጠር። መሃሉ ጥንድ ሠርቶ ሌላው ሰው ፉል ሃውስ (ሦስት አንድ ዓይነትና አንድ ጥንድ፣ ስትሬትን የሚበልጥ) ሊሞላ መቻሉንም አትርሳ።

አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ያለ እጅ ፖት ሊሚት ላይ ይዘህ ዝም ብለህ አትክፈል፣ አንተው ጨምር። 14 ነትስ ያለው ሰው ሌላውን ነው ማስከፈል ያለበት።

5ኛ፦ የመነሻ ካርታህን በገደቡ ምረጥ

ወደ ሁለቱ ኤስ እንመለስ፣ 7 እና 2 ወደታከለባቸው።

ፊክስድ ሊሚት ላይ ሰው ማባረር አትችልም። 4 ዶላር ብትጨምር አምስት ሰው ይከፍልሃል፣ አምስት ሰው ደግሞ በእጁ ሠላሳ የሁለት ካርታ ጥምረት አለው ማለት ነው፤ አራት ካርታ ስድስት ዓይነት ጥምረት ይሰጣልና። ብቻውን የቆመ የኤስ ጥንድ ከዚህ ሁሉ ተርፎ ሪቨር አይደርስም። እዚህ የሚፈለገው አራቱም ካርታ እርስ በርስ የሚተጋገዝበት እጅ ነው፦ ተከታታይ ቁጥሮች፣ ከኤስ ጋር አንድ ምልክት ያለው ካርታ።

ፖት ሊሚት ላይ መልሱ ከፊትህ ባለው ገንዘብ ይወሰናል። 200 ይዘሃል፣ ወደ 7 ከፍ አደረግክ፣ ሌላው 24 አለ፣ አንተ 75። ብላይንዶቹ ወጥተው እሱ ቢከፍል መሃል 153 አለ፣ አንተ ጋ የቀረው 125 ነው። ፍሎፑ ምንም ይሁን ምን አስገባው፣ ጨርሰሃል። 600 ይዘህ ቢሆን ግን 75ቱን አስገብተህ ከኋላህ 525 አለ። ሰውየው ሁለት ኤስ እንደያዝክ በሚገባ ገብቶታል፣ አንተ የሱን አታውቅም፣ ሁለት ውርርድ ገና ይቀራል። ባልታገዙ ኤሶች እዚያ ውስጥ መግባት ራስህን ዕራቁትህን ማስቀመጥ ነው። እንዲህ ሲሆን ዝም ብለህ 24ቱን ክፈልና ፍሎፑን እይ።

ኖ ሊሚት ላይ ደግሞ ነገሩ አጭር ነው። ኤስ የያዘው ሰው ከፍሎፕ በፊት ሁሉንም ይገፋል፣ ሌላው ይጥላል፣ ወይም ይከፍልና ዕጣ እንደመጣል ይሆናል። ከምርጦቹ አንዱ የሆነው ኤስ ኤስ ኪንግ ኪንግ በሁለት ምልክት (ሁለት ሁለቱ አንድ ምልክት ሆነው) እንኳን ከ8፣ 7፣ 6፣ 5 በሁለት ምልክት ጋር ሲገጥም 60 ለ40 አካባቢ ነው። ጨዋታው ካርታው ሳይገለጥ ስለሚያልቅ ሰው ሰለቸው፣ ኖ ሊሚት ኦማሃ ብዙ ያልገፋው ለዚህ ነው።

6ኛ፦ በባዶ እጅ ከማስፈራራትህ በፊት ዋጋውን አስላ

ፖቱ 64 በሆነ ፊክስድ ሊሚት ላይ 8 ዶላር አስገብተህ ብታስፈራራ ከዘጠኝ አንዴ ከተሳካልህ አልከሰርክም። ርካሽ ነው። ችግሩ ሰው ለ8 ዶላር አይፈራም፣ በተለይ ሦስት ሰው ካለ። ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ሲሆን፣ እሱም ሲጠብቀው የነበረው ካርታ እንዳልመጣለት ስታውቅ ሞክረው፤ ከዚያ ውጭ ተወው።

ፖት ሊሚት ላይ 64 ለማሸነፍ 64 ታስገባለህ፣ ግማሹን ጊዜ መሳካት አለበት። ዋጋው ውድ ቢሆንም ያስፈራል። ምርጡ ጊዜ መሃል ላይ ሦስት ስፔድ ሲኖርና የስፔድ ኤስ አንተ ጋ፣ ሌላ ስፔድ ግን ሳይኖርህ ሲቀር ነው። ፍለሽ የለህም፤ ግን ከሁሉ የሚበልጠውን ፍለሽ ማንም ሊይዘው እንደማይችል የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። የኪንግ ፍለሽ የያዘው ሰው ሙሉ ፖት ሲጠየቅ ላብ ያጠምቀዋል። ፊክስድ ሊሚት ላይ ይሄው ሰው 8 ዶላሩን ወርውሮ እጅህን ያያል።

7ኛ፦ ሃይ ሎው ከሆነ ሩቡን ፍራ

ኦማሃ ሃይ ሎው ፖቱን ለትልቁና ለትንሹ እጅ ያካፍላል። ለትንሹ አምስት የተለያዩ፣ ከ8 ያልበለጡ ካርታዎች ያስፈልጋሉ፣ ኤስ እንደ 1 ይቆጠራል። ሰው ሁሉ ኤስና 2 ሲይዝ ይደሰታል። ሌላም ሰው ኤስና 2 ከያዘ ግን ትንሹን ግማሽ ትካፈላላችሁ፣ የሚደርስህ ሩብ ነው።

ሪቨር ላይ ሩብ እንደሚደርስህ እርግጠኛ ሆነሃል እንበል። ፊክስድ ሊሚት፦ ፖቱ 64፣ ሰውየው 8፣ አንተ 8፣ ጠቅላላ 80። ሩቡ 20 ነው፣ ለ8 ዶላር። ክፈል። ፖት ሊሚት፦ ፖቱ 100፣ ሰውየው 100፣ አንተ 100፣ ጠቅላላ 300። ሩቡ 75። 100 ከፍለህ 75 ትቀበላለህ። ያው ካርታ፣ ያው ሩብ ነው፤ አንዱ ጋ ትከፍላለህ፣ ሌላው ጋ ትጥላለህ። ለዚህ ነው ሃይ ሎው ላይ ፊክስድ ሊሚት የለመደ ሰው ፖት ሊሚት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደነካው ሳያውቅ ገንዘቡ የሚያልቀው።

8ኛ፦ የሚቀመጥልህን ገንዘብና ስትራድሉን አስተካክል

"ገደብ አለው" የሚለው ቃል አያዘናጋህ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2009 ፊንላንዳዊው ፓትሪክ አንቶኒየስና ስዊድናዊው ቪክቶር ብሎም በፉል ቲልት ድረ ገጽ ላይ ሲጫወቱ በአንድ እጅ ከ1.35 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሃል ገብቶ አንቶኒየስ ወስዶታል። ብላይንዶቹ 500 እና 1,000 ነበሩ፣ ጨዋታውም ፖት ሊሚት ኦማሃ። በየተራው የሚጨማመሩ ሁለት ሰዎችና በቂ ገንዘብ ካሉ ጣሪያው ራሱ አብሮ ይወጣል።

አንተ ጋ ይሄ የሚመጣው በስትራድል በኩል ነው። አንድ ሰው ካርታ ሳያይ 4 ዶላር ሲያስቀምጥ ማለት ነው፣ በ1/2 ጠረጴዛ። መሃል 7 አለ፤ የመጀመሪያው ጣሪያ 4 በ3 ሲደመር 3፣ 15 ሆነ፣ ቀድሞ 7 የነበረው። ቀጣዩ ጭማሪ 15 በ3 ሲደመር 7፣ 52። መጀመሪያ የጨመረው ሰው ብቻ ሲከፍል መሃል 111 አለ፣ 200 ይዞ የመጣ ሰው ጋ የቀረው 148። ከአንድ ውርርድ ብዙም አይዘልም። በየዙሩ ስትራድል የሚደረግበት ጠረጴዛ ላይ ከሆንክ 1/2 ሳይሆን 2/4 ላይ እንዳለህ ቁጠር፤ ወይ 400 ይዘህ ተቀመጥ፣ ወይ በ200ህ ፍሎፕ ላይ የሚያልቅ ጨዋታ መርጠህ ትልልቅ ጥንዶችን ከፍ፣ ተርንና ሪቨር የሚጠብቁትን ተከታታይ ቁጥሮች ዝቅ አድርገህ ያዝ። ጠረጴዛው ላይ ስትራድል ይፈቀድ እንደሆነና እስከ ስንት እንደሆነ ቺፕ ከመግዛትህ በፊት ጠይቅ።